ከሥጋ ቤት ተላላኪነት እስከ ዓለም ሻምፒዮንነት፤ የፋውስቶ ኮፒ ታሪክ

ፋውስቶ ኮፒ ከቢስክሌቱ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ያየው ሰው ስፖርተኛ ነው ብሎ አይገምተውም ነበር። እግሩ ረጅምና ቀጭን፥ ደረቱ እንደ ወፍ ደረት ወደ ፊት የሾለ፥ አፍንጫው የረዘመ፥ አጥንቱም በትንሽ አወዳደቅ የሚሰበር ሰው ነበረ። ቢስክሌቱ ላይ በወጣ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ጉድለት ይጠፋና ሰውየውና ቢስክሌቱ አንድ አካል የሆኑ ይመስሉ ነበር። የዚህን ኢጣልያዊ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ያሸነፈውን ውድድር ሁሉ ለመቍጠር አይደለም፤ ያንን ብንጀምር ገጹ አይበቃንም። ይልቁንም እንዲህ ያለው ደካማ የሚመስል ሰውነት እንዴት ተራራውን ሁሉ እንደ ረታ፥ በመጨረሻም መድኃኒቱ በታወቀ በሽታ እንዴት እንደ ተቀጠፈ ለመናገር ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ኮፒ የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 ሲሆን አገሩም በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ ክፍል በኮረብታ ላይ ያለችው ካስቴላኒያ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከአምስቱ ልጆቻቸው እርሱ አራተኛው ነው። ትምህርት ብዙም አልሆነለትም። 13 ዓመት ሲሆነው ኖቪ ሊጉሬ በሚባለው ከተማ በአንድ ሥጋ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረና ሥጋና ቋሊማ በቢስክሌት ጭኖ ለደንበኞች ያደርስ ጀመር። አካባቢው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ቢስክሌቱም ከባድ ነበረ። ለእሽቅድምድም የሚሆን ቢስክሌት የገዛው የመርከብ ካፒቴን የነበረው አጎቱ ገንዘብ በረዳው ጊዜ ነው።

በዚያው ከተማ ቢያጆ ካቫና የሚባል ማየት የተሳነው ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበረ፤ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ የስፖርተኞችን ገላ እያሸ ይኖር ጀመር። ከኮፒ በፊት የታወቀው የዚያ ከተማ ቢስክሌተኛ ኮስታንቴ ጂራርዴንጎ በእጁ ያለፈ ነው። ካቫና የወጣቱን እግርና ጀርባ በጣቶቹ ከዳሰሰ በኋላ ሌሎች ሰዎች በዓይናቸው ያላዩትን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፥ ምን እንደሚበላ፥ በቀን ስንት ኪሎሜትር እንደሚነዳ የሚወስነው ይህ ሰው ሆነ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ቢስክሌተኛ የሚታመነው በጉልበቱና በዕድሉ ነበረ፤ ኮፒ ግን ምግቡን፥ ዕረፍቱን፥ የቢስክሌቱን ክብደት ሳይቀር እንደ ሒሳብ እያሰላ መሥራት ያዘ። እኛ እንደምናምነው ከድሎቹ ሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ይህ ነው።

በ1940 ሌኛኖ የሚባለው የቢስክሌት ኩባንያ ለቡድኑ ቀጠረው። የቡድኑ አለቃ ተወዳዳሪ ጂኖ ባርታሊ ነበረ። ባርታሊ ከኮፒ በአምስት ዓመት የሚበልጥ፥ ኢጣልያን የሚዞረውን የጂሮ ዲታሊያን ውድድር ሁለት ጊዜ፥ የፈረንሳዩን ቱር ደ ፍራንስ ደግሞ አንድ ጊዜ ያሸነፈ፥ በሃይማኖቱም የጸና ሰው ነው። ኮፒ የተቀጠረው ለእርሱ ረዳት እንዲሆን ነበረ። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን ባርታሊ መንገድ ላይ ከገባ ውሻ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና ተጎዳ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ረዳቱ ከፊሬንሴ ወደ ሞዴና በሚወስደው የተራራ መንገድ በዝናብ ብቻውን ወጥቶ መሪነቱን ያዘ። ውድድሩ ሲያልቅ አሸናፊው የ20 ዓመቱ ኮፒ ሆነ። ይህ የሆነው ጁን 9 ቀን 1940 ነው፤ በማግስቱ ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ለአገራችን ወደ ነፃነት የሚመልሰውን በር የከፈተው ያ አዋጅ ለኮፒ ግን የወጣትነቱን ደህና ዓመታት የበላ ሆነ።

ወታደር ሆኖ ሳለ ኖቬምበር 7 ቀን 1942 ሚላኖ በሚገኘው የቪጎሬሊ ቬሎድሮም የአንድ ሰዓት ሪኮርድ ለመስበር ሞከረ። ይህ ሙከራ አንድ ሰው ብቻውን፥ ያለ ተፎካካሪና ያለ ረዳት፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚችለውን ያህል ርቀት በክብ ሜዳ የሚዞርበት ነው። ከተማው በአውሮፕላን ቦምብ እየተደበደበ ስለ ነበረ ተመልካቹ ጥቂት ነበረ። ኮፒ 45 ኪሎሜትር ከ798 ሜትር ሄደ፤ የፊተኛውን ሪኮርድ የበለጠውም በ31 ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም ያን 31 ሜትር እስከ 1956 ድረስ ማንም ሰው ሊያልፈው አልቻለም።

በ1943 ወደ ቱኒዚያ ጦር ግንባር ተላከና በኤፕሪል ወር በእንግሊዞች እጅ ተማረከ። በሰሜን አፍሪካ በምርኮኞች ሰፈር ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በዚያ ከርሱ ጋር በአንድ ሳሕን ይበላ የነበረ አንድ ምርኮኛ ኋላ ልጅ ወለደና ልጁ ክላውዲዮ ኪያፑቺ በ1990 በቱር ደ ፍራንስ ሁለተኛ ወጣ፤ አባትየው ስለ ኮፒ ሲያጫውተው ያደገ ልጅ ነበረ። በ1945 ኮፒ ወደ ኢጣልያ ተመልሶ በናፖሊ አካባቢ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን አሽከር ሆኖ ሲያገለግል፥ የጂሮ አሸናፊው ቢስክሌት የለውም የሚል ወሬ በናፖሊ ጋዜጣ ወጣ፤ አንድ አናጢም የራሱን ሰጠው ይባላል። ጦርነቱ ሲያልቅ በፈረሰው መንገድ ከደቡብ ወደ ሰሜን አገሩ የተመለሰው ገሚሱን በቢስክሌት፥ ገሚሱን በጭነት መኪና ነው።

ማርች 19 ቀን 1946 ከሚላኖ እስከ ሳን ሬሞ የሚደረገው ውድድር ሁለት ዓመት ከተቋረጠ በኋላ እንደ ገና ሲጀመር ኮፒ ገና ከመነሻው አካባቢ ከሰዎች ጋር አፈተለከ። ቱርኪኖ ከሚባለው ተራራ ጀምሮ ብቻውን ሆነ፤ ተከታዩን የቀደመውም በ14 ደቂቃ ነው። የራዲዮ ተናጋሪው ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ የዳንስ ሙዚቃ እንዳሰማ እስከ ዛሬ ይወራል። በቦምብ የፈረሰ አገር፥ ሕዝቡ ዳቦ በተራ የሚገዛበት ዘመን መሆኑን ያሰበ ሰው ያ ቀን ለኢጣልያኖች ምን እንደ ነበረ መገመት አያዳግተውም።

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ የባርታሊ፥ ገሚሱ የኮፒ ወገን ሆነ። ጠቡ በቡና ቤት፥ በቤተሰብም ገበታ ላይ የሚሰማ ነበረ። ሁለቱም እንደ ደጋፊዎቻቸው የሚጠላሉ ባይሆኑም ግትርነታቸው አንዳንድ ጊዜ ያሳፍር ነበር። በ1948 በሆላንድ ቫልከንበርግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ አንዱ ሌላውን እንዳያሸንፍ ብቻ እየተጠባበቁ ሲጓዙ ሌሎቹ ጥለዋቸው ሄዱ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ለአገራቸው ተሰልፈው ይህን በማድረጋቸው የኢጣልያ ቢስክሌት ፌዴሬሽን ከውድድር አገዳቸው። እኛም ቅጣቱ ተገቢ ነበር እንላለን።

የ1949 ዓመት ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ጁን 10 ቀን በጂሮው ውስጥ ከኩኔዮ ወደ ፒኔሮሎ 254 ኪሎሜትር መሄድ ነበረባቸው፤ በመንገዱም ማዳሌና፥ ቫርስ፥ ኢዞአር፥ ሞንጄኔቭርና ሴስትሪዬሬ የሚባሉ አምስት ከፍተኛ የአልፕስ ተራሮች አሉ። ኮፒ በመጀመሪያው ተራራ ላይ ተነጥሎ 192 ኪሎሜትሩን ብቻውን ነዳ። ሁለተኛ የደረሰው ባርታሊ ነበረ፤ በመካከላቸው ያለውም ጊዜ 11 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ታላላቅ ድሎች ተገኝተዋል፤ የዚህን ቀን ያህል በኢጣልያኖች ልብ የቀረ ግን ያለ አይመስለንም።

ወዲያው በቱር ደ ፍራንስ ከባርታሊ ጋር በአንድ ቡድን ተሰለፈ። የቡድኑ መሪ የቀድሞው ሻምፒዮን አልፍሬዶ ቢንዳ ነበረ። በአምስተኛው ቀን ወደ ሳን ማሎ ሲጓዙ ኮፒ ወደቀና ቢስክሌቱ ተሰበረ፤ በተከተለው መኪና ላይ የነበረው መለወጫ ደግሞ የራሱ አልነበረም። ተበሳጭቶ መንገድ ዳር ቆመ፤ ውድድሩን ጥሎ ለመመለስም ቈረጠ። ከመሪው በ36 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና ሒሳቡን ያየ ሰው አልፈረደበትም። ማታ ቢንዳ ለምኖና መክሮ አስቀረው። አልፕስ በደረሱ ጊዜ ኮፒና ባርታሊ ሌላውን ሁሉ ጥለው አብረው ሄዱ፤ ዕለቱ ባርታሊ 35 ዓመት የሞላበት የልደት ቀኑ ስለ ነበረ ኮፒ ድሉን ተወለት። በማግስቱ ባርታሊ ጎማው ተንፍሶ፥ ወድቆም ስለ ቀረ ኮፒ ብቻውን ገስግሦ ቢጫውን ማሊያ ለበሰ፤ ፓሪስ ሲገቡም ባርታሊን በ10 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ቀደመው። ጂሮንና ቱርን በአንድ ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ኮፒ ነው።

በመንገድ ብቻ ሳይሆን በክብ ሜዳም ብርቱ ነበረ። ሁለት ሰዎች ከሜዳው በተቃራኒ ወገን ተነሥተው በሚሳደዱበት ውድድር በ1947ና በ1949 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ሰርሴ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ እርሱም ቢስክሌተኛ ነው። ኮፒ ዝምተኛና ተካዥ ሲሆን ሰርሴ ግን ተጫዋችና ሳቂታ ነበረ፤ የኮፒም የልብ ወዳጁ እርሱ ነው። ጁን 29 ቀን 1951 በፒየሞንቴ ዙር ውድድር ሊያልቅ ሲል ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ጎማው በትራምዌይ ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ተነሥቶ በራሱ ቢስክሌት ሆቴሉ ገባ፤ የከፋ ጉዳት አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ኖሮ በዚያው ማታ ሞተ። ኮፒ ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ቱር ሄደ፤ ወደ ሞንፔሊዬ በሚወስደው መንገድ ግን ጉልበቱ ከድቶት ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ገባ።

በሚከተለው ዓመት ተመልሶ ጂሮንም ቱርንም እንደ ገና አሸነፈ። በ1952ቱ ቱር ሁለተኛውን ሰው የበለጠው በ28 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ስለ ነበረ አዘጋጆቹ ውድድሩ እንዳይሞት ፈርተው የሁለተኛውን ሽልማት እጥፍ እስኪያደርጉ ደረሱ። በዚያው ቱር አንድሬአ ካሬአ የሚባል ረዳቱ ሳያስበው ቢጫውን ማሊያ አገኘና የአለቃውን የወሰደ መስሎት አለቀሰ፤ ኮፒ አጽናናው፥ በማግስቱም አልፕ ዱዌዝ ላይ አሸንፎ ማሊያውን ራሱ ለበሰ። ኮፒና ባርታሊ ተራራ ላይ ሲወጡ የውሃ ጠርሙስ ሲቀባበሉ የተነሡት ዝነኛ ፎቶግራፍም የዚሁ ዓመት ነው። የሰጠው ማን፥ የተቀበለውስ ማን እንደሆነ ኢጣልያኖች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ1953 ስቴልቪዮ በተባለው ተራራ ስዊሳዊውን ሁጎ ኮብሌትን ጥሎ አምስተኛውን ጂሮ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት በሉጋኖ የመንገድ ዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከቢስክሌት ውጭ ነው። ኮፒ ሚስትና ልጅ እያለው የአንድ ሐኪም ሚስት የነበረችውን ጁሊያ ኦኪኒን ወደደ፤ ከነጭ ካፖርትዋም የተነሣ ጋዜጦች ነጭዋ እመቤት አሉዋት። በጊዜው የኢጣልያ ሕግ መፋታትን አይፈቅድም ነበር፤ ዝሙትም በወንጀል ያስቀጣ ነበር። እርስዋ ጥቂት ቀን ታሰረች፥ የኮፒም ፓስፖርት ተወሰደ፤ በ1955 ሁለቱም ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ታገደ። ልጃቸው የተወለደው አርጀንቲና ሄደው ነው። ከዚያ በፊት እንደ አምላክ ያየው ሕዝብ ገሚሱ ጀርባውን ሰጠው። በዚህ ጕዳይ ለመፍረድ እኛ አልተነሣንም፤ የተተወችው ሚስቱና ሴት ልጁ በወሬው ጩኸት ውስጥ መረሳታቸው ግን ያሳዝናል።

ሌላም የማይደበቅ ነገር አለ። የሚያነቃቃ መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበረ ኮፒ ራሱ አልሸሸገም፤ በውድድር ሕግ ያልተከለከለበት ዘመን ነበረ። እርጅናን ግን መድኃኒቱ አላስቀረለትም። በ1955 ጂሮን በ13 ሴኮንድ ተቀደመ፤ በ1956 በሎምባርዲያ ዙር መጨረሻው መስመር ላይ ፈረንሳዊው ዳሪጋድ ለጥቂት አለፈውና ኮፒ አለቀሰ። መተው አልቻለም፤ ከዚያ በኋላም ሦስት ዓመት ከወጣቶች ኋላ ይነዳ ነበር።

በዲሴምበር 1959 ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው ወደ ላይኛው ቮልታ ከፈረንሳይ ቢስክሌተኞች ጋር ተጋብዞ ሄደ። በዋጋዱጉ ተወዳደሩ፤ ከዚያም አውሬ ለማደን ወደ ጫካ ወጡ። ኮፒ ከወዳጁ ከራፋኤል ጀሚኒያኒ ጋር በአንድ ክፍል አደረ፤ ትንኙም ሲበላቸው አደረ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሁለቱም ትኩሳት ያዛቸው።

ወባ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። በአገራችን ከቆላ ተመልሶ ብርድ ብርድ ያለውን ሰው ሐኪም ቀርቶ ጎረቤት እንኳ ወዴት ሄደህ ነበር ብሎ ይጠይቀዋል። በፈረንሳይ የጀሚኒያኒ ደም ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም ተልኮ ወባ መሆኑ ታወቀና በኪኒን ታከመ። የኮፒ ሐኪሞች ግን የሳንባ በሽታ ነው ብለው ያክሙት ነበር፤ ከፈረንሳይ በስልክ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው እንዳልተቀበሉትም ይነገራል። ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ጧት ኮፒ በቶርቶና ሆስፒታል ሞተ። ዕድሜው 40 ዓመት ነበር።

ቀብሩ ካስቴላኒያ ላይ ሲፈጸም ሺሕ በሺሕ የሆነ ሕዝብ በክረምቱ ጭቃ ኮረብታውን በእግሩ ወጣ፤ ባርታሊም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበረ። ያረፈው በወንድሙ በሰርሴ አጠገብ ነው። ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ የጂሮው ከፍተኛ ተራራ በስሙ የኮፒ ጫፍ ይባላል፤ መንደሩም በ2019 ስሟ ካስቴላኒያ ኮፒ ተብሏል። በዚያች ሌሊት በአንድ ክፍል አብሮት ያደረው ጀሚኒያኒ ከሕመሙ ድኖ ብዙ ዘመን ኖረና በ2024 በ99 ዓመቱ ዐረፈ።