ኤድዋርድ ሩፔልና ጉሬዛ

ጉሬዛ በዛፍ ላይ የሚኖር፥ ቅጠል የሚበላ የደን እንስሳ ነው። ገላው ጥቁር ነው፤ ከትከሻው ጀምሮ በግራና በቀኝ የሚወርደው ረጅም ጠጕር ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነው። የጅራቱም ጫፍ ነጭ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ነጩ ጠጕር በነፋስ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ካባ የደረበ ሰው ይመስላል። ልጁ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው፤ ጥቁሩ መልክ ኋላ ይመጣል።

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ጦረኞች የጉሬዛን ቆዳ ስለ ጠጕሩ ውበት ይወዱት ነበር። ጋሻቸውንም ያስጌጡበት ነበር። ይህን እንስሳ በሥርዓት መርምሮ ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው። ስሙም ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሩፔል በ1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ነበረ፤ ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1817 ዓ.ም. ግን ወደ ግብጽና ወደ ሲና አገር ሄደ። በዚያ የእግዚአብሔርን ፍጥረት ባየ ጊዜ ልቡ ከንግድ ወደ ዕውቀት ዞረ። ነገር ግን ያልተማረ ሰው ቢያይም እንደማያስተውል ተረዳ። ስለዚህ ጐልማሳ ሳለ እንደ ሕፃን ከመምህር እግር ሥር ተቀመጠ፤ በኢጣልያ አገር ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት ተማረ።

ከዚህ በኋላ በ1831 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ደረሰ። ያ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። ንጉሡ በጎንደር ስም ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። ራስ አሊ ገና ብላቴና ሳሉ በደብረ ታቦር ሆነው የበጌምድርን አገር ይገዙ ነበር። በጦርነት ምክንያት መንገዱ አስፈሪ ነበረ። ሩፔል ግን አልተመለሰም። የስሜንን ብርድና ገደል አልፎ በ1832 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዚያም ወጥቶ በጣና ባሕር ምሥራቅ ዳር እስከ ቆራጣ፥ አልፎም እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ሄደ። በሄደበትም ሁሉ የአራዊትንና የአዕዋፍን ቆዳ ሰበሰበ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ ከ1835 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ እንስሳት መጽሐፍ አወጣ። አዲስ እንስሳን ያስታወቀ ሊቅ ስም የማውጣት መብት አለው። ብዙዎች በዚህ መብት የጌታቸውን ወይም የወዳጃቸውን ስም ይሰጡ ነበር። ሩፔል ግን የአገራችን ገበሬና እረኛ የሚጠራበትን ስም ጠብቆ ጻፈ። ጉሬዛን ጉሬዛ፥ ዋልያን ዋልያ፥ ጭላዳንም ጭላዳ አለ። ቀይ ቀበሮንም በ1840 ዓ.ም. በስሜን ስም ጠራው። ስለዚህ በማንኛውም አገር ያለ ሊቅ እነዚህን እንስሳት ሲጽፍ እስከ ዛሬ የአገራችንን ቃል ይጽፋል።

የሰበሰበውንም ለራሱ አላስቀረም። እንስሳቱን በፍራንክፉርት ላለው ቤተ መዘክር ሰጠ፤ ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን የብራና መጻሕፍትም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1839 ዓ.ም. የሎንዶን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። በ1884 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ በተወለደበት ከተማ ሞተ።

በዚያው መቶ ዓመት ግን ሌላ ነገር ሆነ። በኤውሮጳ ያሉ ሴቶች የጉሬዛን ጠጕር ለጌጥ ወደዱት። ነጋዴዎችም ቆዳውን ከአፍሪካ በብዛት ያወጡ ጀመር። ስሙን የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ ነበረ። እውነት ነው፥ ሩፔልም ለምርምር ሲል እንስሳትን አስገድሏል። ነገር ግን እርሱ የወሰደው ቆዳ ለብዙ ሰው ትምህርት ሆነ፤ ለጌጥ የተወሰደው ሁሉ ግን አርጅቶ ተጣለ። ጉሬዛውም ያማረ ጠጕሩ ጠላት ሆነበት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሩፔል የራሱን ስም ሳይፈልግ የሌላውን ስም አከበረ፤ እግዚአብሔርም የእርሱን ስም አላጠፋም። በገደላችን ላይ የሚያንዣብበውን አንዱን ጥንብ አንሣ ሌሎች ሊቃውንት በሩፔል ስም ጠሩት።

ልጆች ሆይ፥ ጉሬዛ ዛሬም በአገራችን ደን፥ በአንዳንድ ገዳማትም ዛፍ ላይ ይኖራል። ዛፉ ከተቈረጠ መጠጊያ የለውም። እናንተም ፍጥረትን ባያችሁ ጊዜ ስሙን፥ ምግቡንና ኑሮውን ጠይቁ እንጂ ቆዳውን ብቻ አትመኙ። ያወቃችሁትንም እንደ ሩፔል ለሌላው አካፍሉ።