የነገሌው ወፍጮና ባለዕዳው ፈልሳፊ

ነገሌ ቦረና ስናድግ ቀኑ የሚጀምረው በአጎቴ ወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር፡፡ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ፣ በብድር አሮጌ የናፍጣ ሞተር ገዝቶ ነው ወፍጮውን የተከለው፡፡ ከአዶላ በዋደራ አድርጎ የሚመጣ አይሱዙ እያፏጨ ሲያልፍ፣ የሚያፏጨው ቱርቦው መሆኑን ያስረዳኝም እሱ ነው፡፡

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመው ነበር፡፡ የቤንዚን መኪና ነጂ መርገጫውን ሲረግጥ የሚከፍተው በአየር መግቢያው ላይ ያለችውን ክብ መዝጊያ ነው፡፡ ቱርቦ ባላቸው የድሮ የስፖርት መኪኖች ላይ ይህች መዝጊያ አንድ ትሁን ሁለት እያሉ መሐንዲሶች ተጨንቀውባታል፡፡ ኒሳን 300 ዜድኤክስ ለግራና ለቀኝ ሲሊንደሮቹ ሁለት አደረገ፤ ሁለቱ እኩል ካልተከፈቱ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፡፡ የጥንቱ ናፍጣ ሞተር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፡፡ አየሩ ያለ ከልካይ ይገባል፤ ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው የሚለካው ናፍጣ ነው፡፡ ካንዴላም የለውም፤ አየሩ ታምቆ ሲግል ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል፡፡

ይህን ያሰበው ሰው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል፡፡ ብዙው ዓለም ነዳጁን በስሙ ሲጠራው እኛ ናፍጣ ስለምንለው፣ ሰውዬውን ሳናውቀው ቀረን፡፡ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡)

ዲዝል በ1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ፡፡ በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ቤተሰቡ ተባርሮ ለንደን ገባ፡፡ ልጁም በ12 ዓመቱ ብቻውን ጀርመን ወዳለችው አውግስቡርግ ዘመድ ጋ ተላከ፡፡ ሙኒክ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ ሊቅ የነበረው የካርል ፎን ሊንደ ተማሪ ሆነ፡፡ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው 10 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ሲማር እንቅልፍ አጣ፡፡ ያንን ግዙፍ ሞተር ሊገዛ የሚችለው ባለሀብት ብቻ ነበርና፣ ትንሹ ባለሙያ የራሱ ሞተር እንዲኖረው ተመኘ፡፡

በ1893 አውግስቡርግ ውስጥ የመጀመሪያውን ሞተር ሲሞክር የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ከሞት ለጥቂት ተረፈ፡፡ አራት ዓመት ደክሞ በ1897 ከነዳጁ 26 በመቶውን ወደ ሥራ የሚለውጥ ሞተር አሳየ፡፡ በ1905 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሂ፣ የሞተሩ ጢስ ራሱ አየር እንዲገፋለት የሚያደርገውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፡፡ የዛሬው ቱርቦ መነሻው እሱ ነው፡፡

ሞተሩ ግን ቀድሞ የሄደው ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ መርከቦችና የጦር ሰርጓጅ መርከቦች ነበር፡፡ ዲዝል ከፈጠራ መብቱ ያገኘውን ብዙ ገንዘብ በመሬት ንግድና በክስ ጨረሰው፤ ጤናውም ከዳው፡፡ መስከረም 29 ቀን 1913 ማታ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሄደው ድሬስደን መርከብ ላይ ተሳፈረ፤ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ፡፡ ከቀናት በኋላ ከባሕር ላይ ከተገኘ አስከሬን የተወሰዱትን ዕቃዎች ልጁ የአባቴ ናቸው አለ፡፡ ሲሞት 55 ዓመቱ ነበር፤ ለቤተሰቡ የተረፈው ዕዳ ነው፡፡

ለትንሹ ባለሙያ የተመኘውን እሱ በደንብ ሳያየው ሞተ፤ እኔ ግን ነገሌ ላይ አይቼዋለሁ፡፡ አጎቴ የሞተሩን ብድር ከፍሎ ጨርሷል፤ ልጆቹንም ያስተማረው በዚያችው ወፍጮ ነው፡፡