ክሪስቶፈር ስትሬቺ፦ ፋንክሽንን እንደ ቁጥር የማስቀመጥ ሐሳብ

እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ክሪስቶፈር ስትሬቺ እ.ኤ.አ. በ1916 በለንደን ተወለዱ። በመምህርነት ሳሉ የጀመሩት የዳማ ጨዋታ ፕሮግራም በ1952 በማንችስተር ኮምፒውተር ላይ ሠራ፤ ማሽኑም ለተጫዋቹ በቴሌፕሪንተር ይመልስ ነበር። በ1967 በኮፐንሃገን ባስተማሩት ትምህርት፣ በአልጎል ቋንቋ ፋንክሽን ለሌላ ፋንክሽን ቢተላለፍም እንደ ቁጥር በተለዋዋጭ ውስጥ ሊቀመጥ አለመቻሉን አመለከቱ። ነጥቡ ቀላል አይደለም። ዛሬ በአዳማ አንድ ተማሪ በሚጽፈው የተርሚናል መተግበሪያ፣ ኮልባክ አስቀድሞ ተመዝግቦ የሚጠራው ቁልፍ ሲጫን ነውና፣ እስከዚያ የሚቆይበት ስፍራ ይሻል። ስትሬቺ በ1975 አረፉ፤ የኮፐንሃገኑ ትምህርታቸው በመጽሔት የታተመው ከ25 ዓመታት በኋላ፣ በ2000 ነው።