ክሌመንስ ቪንክለርና የሰባት በመቶው ጉድለት

በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት የምትገኘው ፍራይበርግ ከ12ኛው ምዕተ ዓመት አንሥቶ በብር ማዕድኗ ስትታወቅ የኖረች ከተማ ናት። ክሌመንስ ቪንክለር ዲሴምበር 26 ቀን 1838 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው በዚህችው ከተማ ነው። በዚያው በሚገኘው የማዕድን አካዳሚ ከተማረ በኋላ፣ ከኮባልት ሰማያዊ ቀለም በሚያወጣ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1873 ዓ.ም. ወደ አካዳሚው በኬሚስትሪ ፕሮፌሰርነት ሲመለስ፣ የሚዛንን ነገር በትምህርት ክፍል ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይም የተማረ ሰው ነበር።

በ1875 ዓ.ም. የድኝ ጭስን በፕላቲኒየም አማካይነት ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኃይለኛ የሰልፈሪክ አሲድ ስለማምረት ያሳተመው ጥናት ለኢንዱስትሪው አዲስ መንገድ ከፈተ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጋዞች ልክ በሚዋሐዱበት መጠን ብቻ መቀላቀል አለባቸው ብሎ በማመኑ ተሳስቷል። የኦክስጅኑ መብዛት እንደሚጠቅም ኋላ ሌሎች አረጋገጡ።

በ1885 ዓ.ም. በፍራይበርግ አጠገብ ካለ የብር ጉድጓድ አርጂሮዳይት የተባለ አዲስ ማዕድን ተገኘ። ቪንክለር ሲመረምረው ብሩ 75 በመቶ፣ ድኙ 18 በመቶ ያህል ሆነ፤ የቀሩት ጥቂት ባዕድ ነገሮች ቢደመሩም ሒሳቡ አልሞላም። ምርመራውን በደጋገመ ቁጥር ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ጉድለት ይታይ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቪንክለር ግን በእጁ ሥራ ተማመነ፤ ስለሆነም ያልታወቀ ንጥረ ነገር አለ ሲል ደመደመ።

ፍለጋው ወራት ፈጀ። አዲሱ ነገር ከአርሰኒክና ከአንቲሞኒ ጋር እየተቀላቀለ ያስቸግር ነበር። በመጨረሻም እነዚህን አጥልሎ ካስወገደ በኋላ በቀረው ፈሳሽ ላይ ብዙ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢጨምርበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ይህንንም በሃይድሮጅን ውስጥ አግሎ ንጥረ ነገሩን ለብቻው አወጣው። ቀኑ ፌብሩዋሪ 6፣ 1886 ዓ.ም. ነበር። ለአገሩ መታሰቢያ እንዲሆንም ጀርማኒየም ብሎ ሰየመው።

ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ በ1871 ዓ.ም. በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ላይ በሲሊኮንና በቆርቆሮ መካከል ባዶ ቦታ ትቶ፣ የሚገኘው ነገር አቶሚክ ክብደቱ 72፣ እፍግታው 5.5 እንደሚሆን ተንብዮ ነበር። በመጀመሪያ ቪንክለርም ሆነ ሜንዴሌየቭ ለጀርማኒየም ሌላ ቦታ ገምተውለት ነበር። ሲመዘን ግን ክብደቱ 72.32፣ እፍግታው 5.47 ሆኖ በመገኘቱ ክርክሩ አበቃ።

ቪንክለር በ1904 ዓ.ም. በድሬስደን ከተማ ሲሞት ጀርማኒየም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም። በ1947 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው ግን በጀርማኒየም ነው፤ ዛሬም ለብርሃን አስተላላፊ የመስታወት ክሮችና ለኢንፍራሬድ መነጽሮች ያገለግላል። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድ ሰው ያልሞላ ድምርን እንደሞላ አድርጎ ለመጻፍ ስላልፈቀደ ነው።