ሩቤን ዳሪዮና ፊደል ያስቆጠራት ሴት

ስለ ኒካራጓ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጦርነትና የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በዚያች የማዕከላዊ አሜሪካ ሀገር ግን ሕፃን አዋቂው ስሙን የሚያውቀው አንድ ገጣሚ አለ፤ ሩቤን ዳሪዮ ይባላል።

ዳሪዮ እ.ኤ.አ. በ1867 ዓ.ም. ሜታፓ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ የምትጠራው በእሱ ስም ነው። እናትና አባቱ ስለተለያዩ ያሳደጉት በሊዮን ከተማ ይኖሩ የነበሩት የእናቱ አክስትና ባለቤታቸው ናቸው። ባልየው ኮሎኔል ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ቤቱ ተቸገረ። ይሁን እንጂ ልጁ በሦስት ዓመቱ ማንበብ እንደቻለ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ይናገራል። ከአሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ዶን ኪሆቴንና የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን አግኝቶ አነበበ። በ13 ዓመቱ ግጥሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በ1882 በመንግሥት ወጪ አውሮፓ ሄዶ እንዲማር ለምክር ቤቱ ሐሳብ ቀረበ። ታዲያ ግጥሞቹ ሃይማኖትን የሚነኩ ሆነው ስለተገኙ ሽማግሌዎቹ ተቆጡና እዚያው ኒካራጓ፣ ግራናዳ ከተማ ይማር ተባለ። እሱም እምቢ አለ። ትምህርቱን የቀጠለው በማናጓ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ እየሠራ፣ መደርደሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ በማንበብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝናው ነው። ቺሊ ሄዶ በ1888 «አዙል» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ትርጉሙ ሰማያዊ ማለት ነው። የስፓኝ ቋንቋ ግጥም አዲስ ዜማ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ቀጥሎም አርጀንቲና ገባና «ላ ናሲዮን» ለሚባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ወደ ስፓኝ ተላከ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1899 ማድሪድ ውስጥ ከፍራንሲስካ ሳንቼዝ ጋር ተዋወቀ። የአትክልተኛ ልጅ ናት፤ ናቫልሳውስ ከሚባል ተራራማ መንደር የመጣች፣ ማንበብም መጻፍም የማትችል። ዳሪዮ ኒካራጓ ውስጥ በግድ ያጋቡት ሚስት ስለነበረችው ፍራንሲስካን በሕግ ሊያገባት አልቻለም። በ1907 ፍቺ ለማግኘት ብዙ ደክሞ አልተሳካለትም። ከወለዷቸው አራት ልጆች ያደገላቸው አንዱ ብቻ ነው።

ፓሪስ ሲኖሩ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ራሱ ነው፤ የሜክሲኮው ገጣሚ አማዶ ኔርቮም አግዞታል። በሁለት ታላላቅ ገጣሚዎች መማር ዕድል ነው እንግዲህ! ለነገሩ የእነሱ ፊደል ከ30 አይበልጥም፤ 231ዱን ለሚያስቆጥር ሰልጣኝ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ለአቅመ ሔዋን የደረሰን ሰው፣ ያውም በባዕድ ከተማ፣ ከሀ ብሎ ማስጀመር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። ዳሪዮ ደግሞ ትዕግሥተኛ ሰው አልነበረም። መጠጥ ያበዛል፤ ገንዘብ እጁ ላይ አይበረክትም። ማድሪድ ላይ የሀገሩ መልእክተኛ ሆኖ ሲሾም እንኳ ደመወዙ በወቅቱ ስለማይደርሰው ይቸገር ነበር። ያም ሆኖ አስተማራት፤ እሱ ጉዞ ላይ ሲሆን ደብዳቤ ትጽፍለት ጀመር።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ዳሪዮ ታሞ ነበር፤ ፍራንሲስካንና ልጁን ስፓኝ ትቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። በየካቲት 6 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. ባደገባት በሊዮን በ49 ዓመቱ አረፈና በካቴድራሉ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ያዘነ አንበሳ ተቀርጿል።

ወረቀቶቹ ግን የቀሩት ፍራንሲስካ ዘንድ ነበር። ደብዳቤው፣ ረቂቁ፣ ቁርጥራጩ ሁሉ ወደ 5 ሺህ ይጠጋል። የስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት መጥቶ ሲያልፍ እንኳ አልጣለቻቸውም። በ1956 አንድ ፕሮፌሰር መንደሯ ድረስ ሄደው ሲያነጋግሯት፣ አርባ ዓመት የጠበቀችውን ሣጥን ከፍታ ለስፓኝ መንግሥት አስረከበች። ዛሬ የዳሪዮን ሕይወት የሚያጠኑ ሰዎች ማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የሚያገላብጡት እነዚያን ወረቀቶች ነው።