አብዱረህማን አስ-ሱፊ፦ ሰማዩን በዓይናቸው ያረጋገጡት ዓሊም



በሴሚስተሩ እረፍት አርሲ ነገሌ የሄድን ተማሪዎች አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ደጅ ቆመናል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰማዩ በከዋክብት ደምቋል። አንዱ ጓደኛችን በስልኩ የሁለቱን ደማቅ ከዋክብት ስም አነበበልን፤ ቀዩ ቤቴልጅዩዝ፣ ነጩ ራይጀል ይባላል። የፈረንጅ ስም መስሎን አለፍነው። ተሳስተን ነበር። ራይጀል «ሪጅል አል-ጀውዛእ»፣ የጀውዛእ እግር ማለት ነው። ቤቴልጅዩዝም «የድ አል-ጀውዛእ»፣ የጀውዛእ እጅ ነው፤ ወደ ላቲን ሲዛወር የ«ያ» ሁለት ነጥብ እንደ «ባ» አንድ ነጥብ ተነቦ ተበላሸ። እንዲህ ያሉ ስሞችን ሰብስበው ካቆዩልን ሊቃውንት ቀዳሚው አብዱረህማን አስ-ሱፊ ናቸው።

አስ-ሱፊ በ291 ዓመተ ሂጅራ (903 እ.ኤ.አ.) ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በረይ ከተማ ተወለዱ። ለቡወይሂ ሥርወ መንግሥቱ ገዥ ለዐዱድ አድ-ደውላ ሠርተዋል፤ ገዥውም የከዋክብትን ዕውቀት ከእሳቸው በመማሩ ይኮራ ነበር።

በዘመናቸው ስለ ከዋክብት ሁለት ዓይነት ዕውቀት ነበር። አንዱ ግሪካዊው በጥሊሞስ ከ800 ዓመት በፊት የጻፈው ነው። ሌላው የበረሃ ዐረቦች ሌሊት ሲጓዙ ለከዋክብት ያወጧቸው ስሞች ናቸው። ብዙ አዋቂዎች ግን ሰማዩን ሳያዩ ከመጽሐፍ ብቻ ይገለብጡ ነበር። አስ-ሱፊ ይህን ነቀፉ። የከዋክብቱን ድምቀት በዓይናቸው እያዩ መዘኑ፤ ከበጥሊሞስ የተለየ ሲያገኙ ያዩትን ጻፉ።

በ964 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቁት የቋሚ ከዋክብት መጽሐፋቸው 48 ሕብረ ከዋክብትን ይዟል። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተሥሏል፤ አንዴ ከምድር እንደሚታይ፣ አንዴ በሉል ላይ እንደሚታይ። የዐረቦቹን ስሞችም ከግሪኩ ጎን አኖሩ። ዛሬ አልቴር የምንለው «አን-ነስር አጥ-ጧኢር»፣ በራሪው ንስር ነው፤ ይህን ቃል ለእኛ መተርጎም አያስፈልግም። በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ደግሞ ትንሽ ደመና መሳይ ነገር መዘገቡ። ቴሌስኮፕ የመጣው ከዚያ ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያ ደመናም ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታወቀ።

አስ-ሱፊ በ376 ዓመተ ሂጅራ (986 እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። በጨረቃ ላይ አንድ ጉድጓድ በስማቸው ተሰይሟል።

ስሞቹ የእኛ ናቸው ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ቀና ብለን ካላየን ግን እሳቸው ከነቀፏቸው ገልባጮች በምን እንለያለን? በላብራቶሪ ሪፖርትም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፍ ያላየነውን አይተናል ባንል፣ ያየነውንም ባንደብቅ የእሳቸው ተማሪዎች ነን። ጨረቃ በሌለችበት በቅርቡ ምሽት፣ ከዒሻ በኋላ፣ ከግቢው መብራት ራቅ ብለን ጀውዛእን አብረን እንፈልጋት፤ ኢንሻአላህ።