ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፤ ፈረሰኛው የሸዋ ንጉሥ

በካውቦይ ፊልሞች ላይ ፈረስ ሲጋልብ የምናውቀው ጆን ዌይን፣ «ዱክ» የሚለውን ቅጽል ስሙን ያገኘው በልጅነቱ ከነበረው ውሻ ነው። በፊልም ገንዘብ ካካበተ በኋላ ደግሞ አሪዞና ውስጥ ከብት ያረባ ነበር። በእኛ አገር ግን ጀግና ስም የሚያወጣው ከፈረሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኘው ይኸው ልማድ ነው። «አባ» እዚህ ላይ ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው። ከእነርሱ በፊት በፈረስ ስማቸው ከታወቁት አንዱ የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባ ዲና ናቸው። አዲስ አበቤዎች ስሙን የሚያውቁት ከአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ነው።

አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደሉ ሣህለ ሥላሴ ዕድሜያቸው ሃያ ያልሞላ ወጣት ነበሩ፤ የሚማሩትም ሰላ ድንጋይ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ሳይቀድሟቸው ገስግሰው አልጋውን ያዙ። በጊዜው ልማድ መሠረትም ለዙፋኑ የሚያሰጉ ወንድሞቻቸው ታሰሩ። አዲሱ ገዥ በመጀመሪያ በአባታቸው ማዕረግ ራስና መርዕድ አዝማች ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ተሰኙ።

ዋና ከተማቸው አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ያለች ናት። ለፈረስ የሚመቸው ግን የደጋው ሜዳ በመሆኑ በጫጫ አቅራቢያ አንጎለላን ቆረቆሩ። የመስቀል በዓል ሲደርስ ደብረ ብርሃን ላይ ፈረሰኛው ሁሉ ተሰብስቦ በፊታቸው ይሰለፍ ነበር። አንድ ዓይናቸው የታመመ ቢሆንም በዘመቻ ጦራቸውን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው።

ይህ የፈረስ ፍቅር ግን ሌላም ገጽታ ነበረው። የዘመቻው ዓላማ ግብር ማስገባትና ከብት መንዳት ነው። ጆን ዌይን ከብቱን በገንዘቡ ሲያረባ፣ የንጉሡ ሠራዊት ያመጣው ከብት የሌላ ሰው ሀብት ነበር። በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ እንጦጦና ፊንፊኔ በዘለቀው ዘመቻ የኦሮሞ መንደሮች ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሰው ተገድሏል፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማርከዋል። ይህንን አብሮ የተጓዘው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ሻለቃ ሐሪስ ጽፎ አቆይቶልናል።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የፈረሱ ኃይል ያበቃል። ቆላ ላይ የሚበረታው የፈረስ በሽታ፣ ዛሬ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት እንደሚተላለፍ የሚታወቀው፣ ፈረስን ፈጥኖ ይገድላል። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች። ስለዚህ ገደሉ የበቅሎ፣ በረሃው የግመል አገር ነው። ይፋት ግን ለሸዋ የባሕር በር መንገዷ ነበረች፤ የታጁራ ነጋዴዎች የሚመጡት፣ ጠመንጃም የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ንጉሡም በአልዩ አምባ ገበያ ቀረጥ እያስከፈሉ፣ ቆላውን በሙስሊሙ ሹም በወላስማ መሐመድ በኩል አስተዳደሩ። ወላስማ የጥንቶቹ የይፋት ነገሥታት ዘር መሆናቸው ይነገርላቸው ነበር።

የእኚህ ሹም መኖሪያ የነበረው ጎንቾ ሌላም ሥራ ነበረው። የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች በሰንሰለት ታስረው የኖሩት እዚያ ነው። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው ሙቀቱና ማረሚያ ቤቱ ትዝ ይለዋል፤ የይፋት ቆላ ያን ጊዜም እስረኛ ያውቅ ነበር። አንዱ ወንድም ደጋው ሜዳ ላይ ፈረስ ሲያስጋልቡ፣ ሌሎቹ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ ቦታ ተቀመጡ።

በ1835 ዓ.ም. ግን ሣህለ ሥላሴ እስረኞቹን ፈቱ። ሐሪስም ስለ እነርሱ ሲያሳስባቸው ቆይቶ ነበር። ያ ሁሉ ፈረሰኛ ያላቸው ንጉሥ ሰንሰለት የታሰሩ ወንድሞቻቸውን ሲፈሩ ኖረዋል። ለዚህም ይመስላል፣ ከዘመቻዎቻቸው ሁሉ ይልቅ ይህ ውሳኔ ድፍረት የሚጠይቀው።

ንጉሡ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኃይለ መለኮት አልጋውን ወረሱ። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ምኒልክም የፈረስ ስሙን ልማድ ይዘው፣ አባ ዳኘው ተብለው እስከ ዓድዋ ዘለቁ።